ካርቶኑ ላይ ያልተጻፈው፦ ኤልኢዲ አምፖል በጊደር መጋላ ሚዛን

ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ምን እንላለን? «መብራት ሄደ» ነው የምንለው። ምጣዱም፣ ፍሪጁም፣ ዋይፋዩም አብረው ሄደዋል፤ ስሙን የያዘው ግን መብራት ብቻ ነው። ድርጅቱንም ብዙዎቻችን ዛሬም ድረስ «መብራት ኃይል» እያልን ነው የምንጠራው። በቋንቋችን ኤሌክትሪክና አምፖል ይህን ያህል ከተጣበቁ፣ አምፖል መቀየርን እንደ ተራ ነገር አንየው።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው ግልጽ ላድርግ። በዚህ ጽሑፍ የምተቸው ኤልኢዲ አምፖልን አይደለም። የምተቸው አምፖሉ የሚሸጥበትን ወሬ ነው። ወሬው አጭርና ለጆሮ የሚጥም ነው፦ «ኤልኢዲ ቀይሩ፤ ትቆጥባላችሁ፤ ለዓመታት አይቃጠልም።» ውሸት ነው? አይደለም። ጎደሎ ነው። የሚለካው ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደቀረ ብቻ ነው። በቀረችው ኤሌክትሪክ ምን ዓይነት ብርሃን እንዳገኘን፣ ያም ብርሃን ለሥራችን ይሁን አይሁን አይጠይቅም።

ይህን ጥያቄ የምንጠይቅበት ቦታ መርጫለሁ፤ ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ፣ ጊደር መጋላ። ስሙ በሐረሪ ቋንቋ «ትልቁ ገበያ» ማለት ነው። ለምን ገበያ? ገበያ ላይ ዓይን መሣሪያ ስለሆነ ነዋ። ሥጋው ትኩስ ነው? በርበሬው ንጹሕ ነው? ቲማቲሙ በስሏል? ጨርቁ ከክሩ ጋር ይሄዳል? ይህ ሁሉ የሚወሰነው በቀለም ነው። ዓይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል እንደሚባለው። ታዲያ ዓይን የሚያየው መብራቱ ያሳየውን ብቻ ነው።

መጀመሪያ የሚገባውን ምስጋና እንስጠው

የድሮው ባለሽቦ አምፖል በእውነት አምፖል የሚባል አልነበረም፤ ትንሽ ምድጃ ነበር። ቀጭን የተንግስተን ሽቦ በኤሌክትሪክ ይግላል፤ በጣም ስለጋለ ያበራል። ችግሩ ከሚወስደው ኤሌክትሪክ ብርሃን ሆኖ የሚወጣው 5 በመቶ ገደማ ብቻ መሆኑ ነው። የቀረው ሙቀት ነው። እጃችሁን አስጠግታችሁ ካወቃችሁ ታስታውሱታላችሁ።

ኤልኢዲ ምንም ነገር አያግልም። ሴሚኮንዳክተር በሚባል ቁስ ውስጥ ኤሌክትሮኖች ከከፍተኛ የኃይል ደረጃ ወደ ዝቅተኛው ሲወርዱ ልዩነቱን በብርሃን መልክ ይተፉታል። ቀይና አረንጓዴ ኤልኢዲ ከብዙ ዓመት ጀምሮ ነበሩ። ያስቸገረው ሰማያዊው ነው። እሱን የፈቱት ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖ እና ሹጂ ናካሙራ እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ያገኙትም ለዚህ ነው። ሰማያዊው ለምን ይህን ያህል አስፈለገ? ነጭ ብርሃን የሚሠራው በእሱ ስለሆነ ነው። ሰማያዊ በሚያበራው ቅንጣት ላይ ፎስፈር የሚባል ቢጫ ዱቄት ይለበጣል፤ ከሰማያዊው ከፊሉን ውጦ ቢጫ አድርጎ ያወጣዋል። ሰማያዊና ቢጫ ተደባልቀው ለዓይናችን ነጭ ይመስላሉ። ይህችን «ይመስላሉ» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስባታለን።

አሁን ሒሳብ። ባለ 60 ዋት የድሮ አምፖል የሚሰጠው ብርሃን 800 ሉመን ገደማ ነው። ኤልኢዲ ይህንኑ በ9 ዋት ይሰጣል። በቀን 5 ሰዓት ብናበራ፣ የድሮው በወር 9 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ ኤልኢዲው 1.35 ብቻ። ከአንድ አምፖል በወር 7.65 ኪሎዋት ሰዓት ተረፈ ማለት ነው። አራት አምፖል ያለው ቤት ከ30 በላይ ያተርፋል። የቤት ታሪፋችን ደግሞ በእርከን ነው፤ ብዙ በተጠቀማችሁ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ይጨምራል። ስለዚህ አምፖል መቀየር አንዳንዱን ቤተሰብ ከላይኛው እርከን ወደ ታችኛው ሊያወርደው ይችላል።

በሌሎች አገሮች ስለ ኤልኢዲ ሲወራ ቀድሞ የሚነሳው የድንጋይ ከሰል ጭስ ነው። የእኛ አገር ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከውኃ ስለሚመነጭ ያ ክርክር እዚህ ብዙ አያራምድም። የእኛ ጉዳይ ሰዓቱ ነው። ፀሐይ ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ስትጠልቅ ሁሉም ቤት በአንድ ጊዜ መብራት ያበራል። ወጥ የሚሠራውም፣ ቴሌቪዥን የሚከፈተውም ያኔው ነው። ግድቡም፣ መስመሩም፣ ትራንስፎርመሩም የሚጨነቁት በዚያች ሰዓት ነው። ከዚያች ሰዓት ላይ የሚቀነስ ዋት ከሌላው ሰዓት ዋት ይበልጣል።

350 ሺህ አምፖል ምን አስተማረን?

ይህ ቲዎሪ ብቻ አይደለም፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ተሞክሯል። ኤልኢዲ ገና ውድ በነበረበት ጊዜ፣ የኃይል እጥረት ሲበረታ፣ የያኔው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን «ቆጣቢ አምፖል» የምንለውን ጠምዛዛ ፍሎረሰንት በነጻ አከፋፈለ። በመጀመሪያው ዙር 350,000፤ በጠቅላላው ከ5 ሚሊዮን በላይ። የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት የመጀመሪያው ዙር 13.3 ሜጋዋት እንዳተረፈ፣ በአንድ ደንበኛም በወር ከ45 እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት እንደቀነሰ አገኙ። ከተጠቃሚዎቹ አብዛኛው ጥቂት ኤሌክትሪክ የሚጠቀም፣ በከተማ የሚኖር ዝቅተኛ ገቢ ያለው ሰው ነበር።

ቁጥሩን እንዲሁ አትቀበሉ፤ እንፈትሸው። 13.3 ሚሊዮን ዋት ለ350,000 ሲካፈል በአንድ አምፖል 38 ዋት ይመጣል። ባለ 60 ዋቱን አንስቶ ባለ 11 ወይም ባለ 15 ቢተኩ 45 እና 49 ዋት መቀነስ ነበረበት። ሁሉም አምፖል በአንድ ሰዓት እንደማይበራ፣ ሁሉም ባለ 60 እንዳልነበረም ስናስብ 38 የሚያሳማ ቁጥር አይደለም።

ጥናቱ ሌላም ነገር አለው። ፕሮግራሙ ካለቀ በ18 ወር ውስጥ ከተገኘው ቁጠባ 20 በመቶው ጠፋ። ኢኮኖሚስቶች ይህን መልሶ መንጠር ይሉታል። አንድ ነገር ሲረክስ አብዝተን እንጠቀማለን። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «አያችሁ፣ ቁጠባው ከንቱ ነው» ይላል።

እኔ በዚህ አልስማማም። መጀመሪያ ነገር 80 በመቶው አለ። ሁለተኛ፣ «ጠፋ» የሚለው ቃል ራሱ ይመርመር። ሂሳቡ ስለቀለለላት ማታ አንድ ሰዓት ጨምራ የምታጠና ተማሪ የበላችው ኤሌክትሪክ ጠፋ ይባላል? በኪሎዋት ሰዓት መዝገብ አዎ፤ በእሷ ደብተር ግን አልጠፋም። ቁጠባን ብቻ የሚለካ ሰው ይህችን ልጅ በኪሳራ ይመዘግባታል። የወሬው ጎደሎነት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። መብራት የሚበራው ለመቆጠብ አይደለም፤ ለማየት ነው።

«ለዓመታት አይቃጠልም»

ብዙ ካርቶን ላይ «25,000 ሰዓት» ተብሎ ይጻፋል። በቀን 5 ሰዓት ካበራችሁ 5,000 ቀን፣ ማለትም ከ13 ዓመት በላይ ነው። አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ደርሶም አምፖሉ መብራት አለበት። እናንተ ቤት እንዲህ የቆየ አለ?

ከሌለ ጥፋቱ የኤልኢዲው ቅንጣት ላይሆን ይችላል። ቅንጣቱ በደንብ ከተያዘ በእርግጥ ረጅም ዕድሜ አለው። ግን በቀጥታ በ220 ቮልት አይሠራም። በአምፖሉ አንገት ውስጥ ድራይቨር የምትባል ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ አለች፤ የግድግዳውን ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ለቅንጣቶቹ ወደሚስማማ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ትቀይራለች። በጥሩ አምፖል ይህች ሰሌዳ ቮልቴጅ ሲዋዥቅም ኃይሉን እኩል ታደርጋለች። በርካሹ ውስጥ ግን ከጥቂት ዕቃ በቀር ምንም የለም፤ ቮልቴጁ ሲወጣና ሲወርድ ዱላውን የሚቀበሉት ቅንጣቶቹ ራሳቸው ናቸው። በሰሌዳው ላይ ያለው ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር ደግሞ ሙቀት ጠላቱ ነው። በዘርፉ የታወቀው ግምት፣ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የካፓሲተሩ ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል ይላል። ስለዚህ ኤልኢዲን አየር በማያስገባ ጠባብ ግሎብ ውስጥ ማሰር ዕድሜውን መቁረጥ ነው።

ሌላም ችግር አለ፤ ብዙ አምፖሎች ውስጥ ቅንጣቶቹ የተያያዙት በተከታታይ ስለሆነ አንዷ ስትሞት ሁሉም ይጨልማሉ። አስራ አንዱ ደህና ሆነው በአንዷ ምክንያት አምፖሉ ይጣላል። እዚህ ላይ የሰፈር ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኞችን አለማድነቅ አይቻልም፤ የሞተችውን አልፈው ሌሎቹን መልሰው ያበራሉ። (እናንተ ግን ቤት ውስጥ አትሞክሩት። ብዙ ርካሽ ሰሌዳዎች ከ220 ቮልቱ ጋር በቀጥታ የተገናኙ ናቸው፤ ይገድላል።)

ኤልኢዲ ከጠምዛዛው ፍሎረሰንት በአንድ ነገር በግልጽ ይሻላል፤ ሜርኩሪ የለበትም። ግን በየስድስት ወሩ የሚጣል ከሆነ ሰሌዳውም፣ ብረቱም፣ ፕላስቲኩም አብሮ ይጣላል። «አይቃጠልም» ተብሎ የተሸጠ ዕቃ ቶሎ ሲሞት የሚከስረው ደግሞ ውዱን መግዛት ያልቻለው ሰው ነው።

ገበያው የሚጠይቀው ጥያቄ፦ ቀዩ ቀይ ነው?

አሁን ጊደር መጋላ ደርሰናል። «ይመስላሉ» ያልናትን ቃል አውጧት።

የፀሐይ ብርሃን ውስጥ ከሐምራዊ እስከ ቀይ ያለው ቀለም ሁሉ ሳይቋረጥ አለ። የኤልኢዲ ነጭ ግን የሰማያዊና የቢጫ ድብልቅ ነው። ዓይናችሁ በቀጥታ ሲያየው ልዩነቱን ላያውቅ ይችላል። በርበሬ ላይ ሲያርፍ ግን ይታወቃል። በርበሬ ቀይ የሚሆነው ቀይ ብርሃንን ስለሚመልስ ነው። የሚመልሰው ቀይ ካልደረሰው ምን ይመልስ? ቡናማ፣ ድብን ያለ፣ ያረጀ ይመስላል። ሥጋም እንደዚሁ ይገረጣል።

አምፖሎች ቀለምን ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳዩ የሚለካ ቁጥር አለ፤ ከ100 ይታረማል። ጥሩ ካርቶን ላይ «ሲአርአይ» ተብሎ ይጻፋል። 80 ያለው ለቤት ይበቃል ይባላል። ግን እዚህ ላይ እንደ ተማሪ ጠይቁ፤ ፈተናው ምን ምን ጥያቄ ነበረው? ቁጥሩ የሚሰላው ከስምንት ለስላሳ፣ ፈዘዝ ያሉ ቀለሞች ነው። ደማቅ ቀይ ከፈተናው ውስጥ የለም! ለብቻው፣ ዘጠነኛ ቀለም ተብሎ ነው የሚለካው። ስለዚህ አንድ አምፖል 80 አግኝቶ በደማቅ ቀይ ዜሮ አካባቢ ሊያገኝ ይችላል። የበርበሬና የሥጋ ገበያ ላላት አገር ይህ ትልቅ ጉድለት ነው።

በተቃራኒውም ይሠራል። ቀይ የበዛበት መብራት ሥጋን ከዕድሜው በላይ ትኩስ ያስመስለዋል። በርበሬ ውስጥ ባዕድ ነገር መቀላቀል በአገራችን የታወቀ ችግር ነው፤ የገዢው የመጀመሪያ መከላከያ ደግሞ ዓይኑ ነው። መብራት ላቦራቶሪን አይተካም። ግን መጥፎ መብራት ገዢውን ያለ መከላከያ ያስቀረዋል፤ ጥሩ ዕቃ ይዞ የመጣውንም ነጋዴ ያለ ጥፋቱ ያሳማዋል።

ከገበያው ወደ ፈረስ መጋላ ስትወጡ መኪና ግርግር ያለው መንገድ አለ፤ ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። እዚህ ደግሞ ሁለት ነገር ይታያል። አንደኛው፣ ጨርቅና ክር በአምፖል ስር አንድ ዓይነት ሆነው ፀሐይ ላይ ሲወጡ ሊለያዩ ይችላሉ። ሜታሜሪዝም ይባላል። በባለሙያ ዓይን ስህተት አይደለም፤ መብራቱ ልዩነቱን ደብቆታል። ልብስ ሰፊ ክሩን ይዞ ወደ ደጅ ሲወጣ ካያችሁ፣ ይህን ሳይንስ ስሙን ሳይጠራው እየተጠቀመበት ነው።

ሁለተኛው መንቀጥቀጥ ነው። የእኛ ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ፣ ድራይቨሩ ደካማ የሆነ ኤልኢዲ በሴኮንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፣ ይፈዝዛል። የድሮው አምፖል ሽቦ በመሃል ስለማይቀዘቅዝ ብዙም አይታይበትም ነበር። ኤልኢዲ ግን ወዲያው ይበራል፣ ወዲያው ይጠፋል። እንዲህ ያለ መብራት አንዳንድ ሰው ላይ የዓይን ድካምና ራስ ምታት ያመጣል። በፍጥነት የሚሽከረከር ነገርን ደግሞ የቆመ ወይም የዘገየ ሊያስመስል ይችላል፤ ፋብሪካዎች ይህን እንደ አደጋ የሚቆጥሩት ለዚህ ነው። ቀኑን ሙሉ መርፌና መዘውር ላይ ዓይኑን ለሚተክል ሰው የዋት ቁጥር ብቻ በቂ መልስ አይሆንም።

ግንቡ ውስጥ ምን ያህል ብርሃን ይበቃል?

ጀጎል በ16ኛው ክፍለ ዘመን በግንብ የታጠረ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። መንገዶቹ ጠባብ፣ ግድግዳዎቹ በኖራና በቀለም የደመቁ ናቸው። እዚህ ጋ ኢንጂነሩ ደስ ይለዋል፤ ነጭ ግድግዳ ከሚያርፍበት ብርሃን አብዛኛውን መልሶ ይረጨዋል። ስለዚህ ጠባብና ነጭ መንገድ ከሰፊ አስፋልት ያነሰ መብራት ይበቃዋል። ለአውራ ጎዳና የተሠራ ኃይለኛ ኤልኢዲ እዚህ ቢሰቀል ዓይን ይወጋል፤ ከዚያ አልፎ ጥላውን የበለጠ ያጨልመዋል፤ በመስኮትም መኝታ ቤት ይገባል።

ቀለሙም ወሳኝ ነው። የብርሃን ቀለም በኬልቪን ይለካል። 2700 የድሮውን አምፖል ሙቅ ቢጫነት ይመስላል፤ 6500 ሰማያዊ ያደላበት ቀዝቃዛ ነጭ ነው። ሰማያዊ የበዛበት የማታ ብርሃን ሰውነታችን ለእንቅልፍ የሚያዘጋጀውን ሜላቶኒን ይቀንሳል። የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 የመንገድ መብራት ከ3000 ኬልቪን እንዳይበልጥ የመከረው ከዚህ የተነሳ ነው። ከግንቡ ቀዳዳ በሌሊት ከጅቦች ጋር የምትኖር ከተማ ደግሞ ጨለማም የራሱ ዋጋ እንዳለው ከማንም በላይ ታውቃለች።

የኮሪደር ልማት በየከተማው የመንገድ መብራት በሚተክልበት በዚህ ጊዜ ጥያቄው የውበት ብቻ አይደለም። ርካሽነት መብራትን የማብዛት ፈተና ያመጣል። እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2016 በሳተላይት የተለካ ጥናት በምሽት በሰው ሠራሽ መብራት የሚበራው የምድር ስፋት በየዓመቱ 2.2 በመቶ እንዳደገ አሳይቷል። ለመቆጠብ የመጣው አምፖል ለማብዛት ዋለ ማለት ነው። ተማሪዋ አንድ ሰዓት ብትጨምር እደግፋለሁ። ማንም የማያልፍበትን ግድግዳ ሌሊቱን ሙሉ ማብራት ግን ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን በአንድ «መልሶ መንጠር» መጠቅለል አይቻልም።

የሐረሪ ቤት ውስጥም ግቡ። ጊደር ጋር የሚባለው ዋናው ክፍል፣ መደቦቹ በቀይ ቀለም፣ ግድግዳው በስፌት ሰሃንና በሙዳይ ያጌጠ ነው። ያን ሁሉ ቀለም ያቀናበሩት እጆች ሲሠሩት በ6500 ኬልቪን እንዲታይ አልነበረም። ቢሆንም ኤልኢዲ እዚህ አንድ ጥቅም አለው፤ አልትራቫዮሌቱ እጅግ ትንሽ ስለሆነ ስፌቱን እንደ ፀሐይና እንደ ፍሎረሰንት አያደበዝዘውም። በ2700 ኬልቪንና ቀይን በደንብ በሚያሳይ ኤልኢዲ ቢበራ፣ ቤቱም ቅርሱም ያተርፋሉ።

ሱቅ ስትሄዱ

ዋት አትጠይቁ፤ ሉመን ጠይቁ። የብርሃኑን መጠን የሚነግራችሁ እሱ ነው። ካርቶኑ ላይ ቮልቴጁ «85–265» ዓይነት ሰፊ ክልል ከተጻፈበት፣ ድራይቨሩ መዋዠቅን የመቋቋም ዕድሉ የተሻለ ነው። ለመኝታና ለሳሎን 2700 ወይም 3000 ኬልቪን፣ ለሥራ ጠረጴዛ 4000 ገደማ ውሰዱ። ባለሱቁ አብርቶ ያሳያችሁ። የስልካችሁን ካሜራ ስሎው ሞሽን ላይ አድርጋችሁ አምፖሉ ያበራውን ግድግዳ ቅረጹ፤ ደመቅ ፈዘዝ ካለ ተዉት። ከዚያ የእጃችሁን መዳፍ ከስሩ ዘርጉ። መዳፋችሁ የሕያው ሰው ቀለም አለው ወይስ ገርጥቷል? ያለ ምንም መሣሪያ የቀይ ፈተናውን ፈተናችሁ ማለት ነው።

ፍርዴ ይህ ነው። ባለሽቦውን አምፖል ይዞ መቆየት ምንም ምክንያት የለውም፤ ቀይሩ። «ቀየርን፣ ጨረስን» ብሎ መዝጋት ግን ሥራውን በግማሽ መተው ነው። መንግሥትም አምፖል ሲያስገባ፣ ከተማም መንገድ ስታበራ፣ እናንተም አንዲት አምፖል ስትገዙ፣ ከዋቱ ቀጥሎ የሚመጣ ሁለተኛ ጥያቄ ይኑራችሁ፦ በዚህ መብራት ምን ልናይበት ነው? የጊደር መጋላ ሴቶች ቲማቲሟን ወደ ብርሃን ዞር አድርገው ሳያዩ አይገዙም። አምፖሉንም እንደዚያው ነው መግዛት።